ሰባት ሎጎ ይዤ የሄድኩ ቀን

ደብረ ብርሃን ላይ ዲዛይነር ነኝ ስል ሰው «ማህተም ትሠራለህ?» ይለኛል። እሠራለሁ። ማህተም፣ ባነር፣ የሰርግ ካርድ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ሎጎ የሚያዘኝ አልፎ አልፎ ነው።

የመጀመሪያው የሎጎ ደንበኛዬ የመንዝ በርኖስና ባና የሚነግዱ አባት ነበሩ። ላስደስታቸው ብዬ ሰባት ሎጎ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «የዚህ በጉ ጥሩ ነው። ተራራውን ከዚያ አምጣው። ጽሑፉን ደግሞ ከዚህ» አሉኝ። አመጣሁት። ማህተም ላይ ሲወርድ በጉ የፈሰሰ ቀለም መሰለ። «ጠ» ሦስት እግሯ ተጣብቆ አንድ ጉቶ ሆነች።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ፖል ራንድ ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1956 የኮምፒውተር ኩባንያውን የአይቢኤምን ሎጎ የሠራ አሜሪካዊ ዲዛይነር ነው። በ1986 ስቲቭ ጆብስ ለኔክስት ኩባንያው ሲያሠራው፣ አማራጭ ታቀርብልኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ራንድ እምቢ አለ። ችግርህን እፈታልሃለሁ፣ ትከፍለኛለህ፣ አማራጭ ካማረህ ሌላ ሰው ፈልግ ነው ነገሩ። ለአንዲት ሎጎ 100 ሺህ ዶላር ተከፈለው።

ወይ ጉድ! እኔም ቀጥሎ ለመጣው ደንበኛ «አንድ ብቻ ነው የማመጣው» ብዬ ፎከርኩ። ሰውየው ስቆ ወጣ፤ አልተመለሰም።

የሳትኩት ነገር ዘግይቶ ገባኝ። ራንድ ያኔ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ከአይቢኤም ሥራው 30 ዓመት። ደግሞ ሎጎዋን ባዶዋን አላመጣትም። ሐሳቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚያስረዳ 100 ገጽ ጥራዝ አብሮ አቅርቧል፤ ሎጎዋ ላይ ያለችው ሳጥን መሰል ኪዩብ በ28 ዲግሪ እስከማዘንበሏ ድረስ። እኔ የነበረኝ ሰባት ሥዕል ነው፤ ሐሳብ አልነበረኝም።

አሁን ኮምፒውተር ሳልከፍት ግማሽ ቀን ደንበኛው ሱቅ እቀመጣለሁ። ሎጎው ፌስታል ላይ ነው የሚወጣው? አይሱዙ በር ላይ? መጀመሪያ በጥቁር ብቻ፣ በማህተም ልክ እሠራዋለሁ። ቀለም ካሳየሁ ወሬው ሁሉ ስለ ቀለም ይሆናል። ፊደል አልጨፈልቅም። ከሎጎው ጋር ምክንያቱን የጻፍኩበት አንድ ገጽ እሰጣለሁ። መቶ ገጽ ማን ያነብልኛል!

የጋሼን ሎጎ በዚህ መንገድ እንደገና ሠራሁት። በሽመናው መስመር ላይ የቆመ ስማቸው ብቻ። ወረቀቱን ለልጃቸው አስነበቡ።

«በጉስ የታለ?»

«ጋሼ፣ በግ ሁሉም በርኖስ ነጋዴ ጋ አለ።»

ዝም ብለው ቆዩና ግማሹን በብር፣ ቀሪውን በበርኖስ ከፈሉኝ። በዚህ ብርድ ደግሞ በርኖሱ ይበልጥብኛል።