ነጩ የመንዝ ሱፍ

የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ለሹራብ አይመችም። ለምንጣፍ ግን የተሻለ አልመኝም፤ ዘመን ሙሉ ቢረገጥ ይችላል።

ደብረ ብርሃን ላይ ምንጣፍ ሥራ የማስተምራቸው ልጆች በመጀመሪያው ቀን ድሩ ፊት መቀመጥ ይፈልጋሉ። እኔ ወደ እጥበቱ እወስዳቸዋለሁ። ስቡ ያልለቀቀ ሱፍ ቀለም አይጠጣም። ጥቁሩንና ቡናማውን እንዳለ እንተወዋለን፤ እግዜር የነከረውን ማን ያሳምረዋል? የሚነከረው ነጩ ነው። የዱቄት ቀለም ሥራ ያፋጥናል፤ እኔ የምወደው ግን የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ሱፉን አስቀድመን አሉም፣ ማለትም ቀለም የሚያስይዝ ጨው፣ በሟሟበት ውሃ እናሞቃለን፤ ከዚያም ልጣጩ በፈላበት ውሃ ውስጥ በዝግታ፣ ሳይንተከተክ እናቆየዋለን። ወርቃማ ሆኖ ይወጣል። የዛገ ብረት ሲገባበት ደግሞ ወደ ወይራ ቅጠል መልክ ይጠቁራል፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። እርድም ደምቆ ይይዛል፤ ፀሐይ ስለሚያደበዝዘው ግን ለምንጣፍ አልፈቅድም። ከትኩስ ውሃ አውጥቶ ቀዝቃዛ ውስጥ መንከርም ክልክል ነው፤ ሱፉ ተኮማትሮ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

«እትዬ፣ ምንጣፉ ላይ አንበሳውን መቼ ነው የምንሠራው?» ይሉኛል።

የሱፉ ቋጠሮ ሁለት ድር አቅፎ በመካከላቸው ይወጣል። ረድፉ ሲያልቅ ማግ ይገባና ተመትቶ ይጠብቃል። የላላ እጅ ከፊት አይታይም፤ ስለዚህ ሥራቸውን የማርመው ገልብጬ ነው። አንበሳው የሚመጣው ጀርባው ሲስተካከል ነው።