የሰኞ ክኒን

ደሴ ሰኞ ትገበያለች። ገና ሳይነጋ ከየገጠሩ የሚገባው ሰው መንገዱን ይሞላዋል። እኔ ደግሞ ሰኞ ማታ ከእራት በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመሜን ክኒኖች እውጣለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጡት። ቀኑን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ሰኞን የሚረሳ የደሴ ሰው የለም ብዬ ነው።

እዚህ ለመድረስ ግን ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀብኝ። የምጽፈውም እኔ ያባከንኩትን ጊዜ ሌላ ሰው እንዳያባክን ነው።

መምህር ነኝ፤ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን አስተምራለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። 34 ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔ ስይዝ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ለቀቁኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ከሳምንት በኋላ የእጆቼ ጉልጥምቶች አበጡ። የሁለቱም እጆቼ፣ እኩል።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፤ «ብርድ ነው»። ደሴ ደግሞ ይህን ለማመን የምትመች ከተማ ናት። 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለነው። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እናቴ ፌጦ በቅቤ ለውሳ ማታ ማታ ታሸኝ ነበር። «አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል» ትለኛለች። የእጇ ሙቀት ያጽናናኝ ነበር። ቀጥሎ ወጌሻ ቤት ሄድኩ። ያበጠውን መገጣጠሚያ በኃይል ሲያሹኝ ያለቀስኩትን አልረሳም። እብጠቱም በማግስቱ ብሶ ነው ያደረው።

ከዚያ ወደ መርፌው ሄድኩ። ዲክሎፌናክ፣ የሕመም ማስታገሻ። አንድ ጊዜ ስወጋ ሁለት ቀን ሰው እሆናለሁ። እንጀራ እጋግራለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ሰሌዳ ሙሉ እጽፋለሁ። ሦስተኛው ቀን ይመለሳል። መርፌው ሲሰለቸኝ ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየገዛሁ በባዶ ሆዴ መዋጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አየሁት። ጨጓራዬ ደም ይፈስ ነበር። እነዚህ ማስታገሻዎች ሲበዙ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ይህን ያወቅኩት ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ሰገራው የጠቆረበት ሰው ነገ እሄዳለሁ እንዳይል።

በመሃል «ሪህ ነው» ያሉኝም ነበሩ። ሥጋ ተውኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሪህ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በድንገት፣ አንድ መገጣጠሚያ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣት ላይ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የኔ እንደዚያ አልነበረም። የኔ ቀስ ብሎ፣ በሁለቱም እጅ ነው የመጣው።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። «ቆላ ውረጂ፣ እኔ ጋ ክረሚ» አለችኝ። በ2009 ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄን ይዤ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እየተጠማዘዝን ስንወርድ ጃኬቴን ማውለቄ ትዝ ይለኛል። 25 ኪሎ ሜትር እንኳ ባልሞላ መንገድ አየሩ ሌላ ይሆናል፤ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። እውነትም ቀለለኝ። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ይይዘኝ የነበረው ግትርነት ወደ አንድ ሰዓት ወረደ። ዳንኩ ብዬ ለባሌ ደወልኩ።

ግን ጉልጥምቶቼ አልሟሸሹም። ወሩ ሲያልቅ እንዲያውም የግራ አንጓዬ ተጨመረ። እህቴ ቡና ስትቀዳ አየኋትና እጄን ወደ ሲኒው ዘረጋሁ። አንጓዬ ሲኒ አልሸከም አለኝ። ያን ቀን ነው ጉዳዩ ብርድ እንዳልሆነ የገባኝ። ሙቀት ሕመሙን ያለዝባል። ከውስጥ የሚነደውን ግን አያጠፋም።

ደሴ ተመልሼ አንድ ክሊኒክ ደም ተመረመርኩ። «የሩማቶይድ ምርመራሽ ነጋቲቭ ነው፣ ጤነኛ ነሽ» ብለው ሸኙኝ። ስድስት ወር በዚያ ወረቀት ተታለልኩ። በመጨረሻ አንዲት ባልደረባዬ እጄን ይዛ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን ከማየቱ በፊት እጄን አየ። የጉልጥምቶቼን ረድፍ ከዳርና ከዳር ይዞ በቀስታ ጨመቀው። ጮህኩ። «ጠዋት ለስንት ሰዓት ነው የሚይዝሽ?» አለኝ። «ሁለቱንም እጅሽን ነው?» አለኝ። የጣቶቼን ጫፍ መገጣጠሚያዎች ነካካ፤ እነሱ ደህና ነበሩ። ከዚያ «እህቴ፣ ይሄ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው» አለኝ።

የደም ምርመራው ነጋቲቭ ሆኖ በሽታው ሊኖር እንደሚችል ያስረዳኝ እሱ ነው። «ሰውነትሽ ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቅሽ ዘበኛ አለ። ተሳስቶ የቤቱን ሰው እየደበደበ ነው» አለኝ። ዘበኛው ካልተገታ መገጣጠሚያውን እየሸረሸረ ጣትን እንደሚያጣምም፣ የተጣመመው ደግሞ በክኒን እንደማይቃና ነገረኝ። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ያን ጊዜ ማዘንበል ጀምራ ነበር። ዛሬም እንዳዘነበለች ናት።

ዘበኛውን የሚገታ ክኒን፣ ሜቶትሬክሴት አዘዘልኝ። ከመጻፉ በፊት የጠየቀኝ ጥያቄ ግን አሳዘነኝ። «ልጅ ለመውለድ አስባችኋል?» አዎ፣ ሁለተኛ ልጅ እያሰብን ነበር። መድኃኒቱ ጽንስ ስለሚጎዳ እየወሰዱት ማርገዝ አይገባም። ማርገዝ የፈለገች ሴት ቀድማ ተናግራ፣ ከወራት በፊት በሐኪም ምክር ማቆም አለባት። ማታ ከባሌ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። ብዙ ዝም አልን። በመጨረሻ «መጀመሪያ አንቺ ተነሺ» አለኝ። ይህን ያነሳሁት ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ እንድትጠይቁ ነው።

ከዚያ የተከተለው ስህተቴ ከሁሉም የከፋው ነው። የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ «4 ፍሬ ማታ» ተብሎ ብቻ ተጽፎ ነበር። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ማለቱን ሰምቻለሁ። ግን በዚያ ቀን የሰማሁት ብዙ ነው፣ ከአእምሮዬ ወጣ። ሦስት ማታ በተከታታይ ዋጥኩ። በአራተኛው ቀን አፌ ውስጥ ቆሳሰለ፤ ውሃ እንኳ አቃጠለኝ። ሐኪሙ ጋ ስደውል ድምፁ ተለወጠ። «አሁኑኑ ነይ» አለኝ። በየቀኑ ከተወሰደ የደም ሕዋስ የሚመረትበትን መቅኔ ይመታል፣ ሰውም ይገድላል። እኔ ላይ ቶሎ ተደረሰበት፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ካሌንደር ላይ ሰኞዎቹ ሁሉ በቀይ ተከበዋል። ፖስታውም ላይ ልጄ በትልቁ «ሰኞ ብቻ» ብላ ትጽፋለች። አብሮ የታዘዘልኝን ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን በሌላ ቀን እወስዳለሁ። በየሁለት ሦስት ወሩ ለጉበትና ለደም ምርመራ እቀርባለሁ።

ክኒኑ ቶሎ አይሠራም። ይህን ማመን ነው የከበደኝ። የመጀመሪያው ወር ምንም። ሁለተኛው ወር ትንሽ። እስኪሠራ ድረስ መሸጋገሪያ ብሎ ፕሬድኒሶሎን በትንሹ ሰጥቶኝ ነበር። እሱ በሁለት ቀን ነው ያስነሳኝ። ፊቴ ሞላ ብሎ ጎረቤቶቼ «ማሻ አላህ፣ አማረብሽ» አሉኝ። ታዲያ ሐኪሙ ሲቀንስልኝ እኔ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ ጨመርኩ። አራት ወር ደበቅኩት። ደም ግፊቴ ሲወጣ ነው ያመንኩት። ፕሬድኒሶሎን ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ያመጣል። በአንዴ ማቆምም አደጋ አለው፤ በሐኪም እጅ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። እንደ መርፌው ነው፤ ቶሎ የሚያስነሳኝን ስወድ ሰንብቼ ሁለት ጊዜ ተጎዳሁ።

ክኒኑ መሥራት ከጀመረ በኋላም ሕመሙ ጨርሶ አልሄደም። የቀረውን በአኗኗር ነው የያዝኩት።

ጠዋቴን ቀየርኩ። ለሱብሂ ስነሳ መጀመሪያ ውሃ አሞቃለሁ። በሞቀ ውሃ ውዱእ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እጆቼን ሳፋ ውስጥ አሥር ደቂቃ ነክሬ ጣቶቼን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እያንዳንዱን ከአውራ ጣቴ ጋር አገናኛለሁ። ጉልበቴ ያበጠ ቀን ሱጁድ መውረድ አልችልም። ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ አፍሬ ብዙ ጊዜ ሶላቴን በሥቃይ ሰግጃለሁ። ሰፈራችን ያሉ አንድ ሸህ «ልጄ፣ አላህ ከአቅምሽ በላይ አላዘዘሽም» ሲሉኝ ነው ያረፍኩት። በረመዳንም ሰኞ ክኒኔን ካፈጠርኩ በኋላ እወስዳለሁ።

ጠመኔውን አጭር የውሃ ጎማ ውስጥ ሰክቼ እይዘዋለሁ። ወፈር ሲል ጣት አይጨመቅም። ብዕሬን ስፖንጅ ጠቅልዬበታለሁ። የ20 ሊትሩን ጀሪካን ትቼ በ5 ሊትር እቀዳለሁ። ልብስ አልጨምቅም፤ እየተንጠባጠበ አሰጣዋለሁ። ጀበናውን በሁለት እጅ፣ ከሥሩ በጨርቅ ደግፌ ነው የማነሳው። የምጣዱን አክንባሎ ልጄ ታነሳልኛለች፤ እሷ ከሌለች እንጀራ እገዛለሁ። መጀመሪያ ላይ እንጀራ መግዛት ትልቅ ሽንፈት መስሎኝ ነበር። አሁን በዚያ በተረፈኝ አቅም የተማሪ ደብተር አርማለሁ።

ሰላምታም ቸገረኝ። የኛ አገር ሰው ሲጨብጥ ከልቡ ነው። አሁን እጁ እርጥብ እንደሆነ ሰው ክንዴን እሰጣለሁ። ማንም አይቀየምም፣ ማብራሪያም አይጠይቅም።

ከሁሉም የሚከብደው ጥሩ ቀን ነው። ሕመሙ ያልጎበኘኝ ቀን ያመለጠኝን ሁሉ ልሠራ እነሳለሁ። አንድ ዓመት ለአረፋ ቤቱን በአንድ ቀን አጠብኩ፣ ምንጣፍ አራገፍኩ፣ ሽንኩርት ስከትፍ አመሸሁ። በዓሉን አልጋ ላይ አሳለፍኩት። ልጄ እንግዳ ስታስተናግድ በበር በኩል እያየሁ አለቀስኩ። አሁን ሥራ በሁለት እከፍላለሁ። ግማሹን ሠርቼ፣ ገና አቅም እያለኝ እቀመጣለሁ። ይህን መልመድ ከክኒኑ በላይ ጊዜ ወስዶብኛል።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ገባ። እኛ አልወጣንም። ለሁለት ሰኞ የሚሆን ክኒን ነበረኝ። መድኃኒት ቤቶቹ ተዘግተዋል፣ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ኅዳር 27 መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን ሲያሳውቅ የኔ ጣቶች ወደ 2009 ተመልሰው ነበር። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የደረሰኝ ጥር ላይ ነው። እንደገና ከጀመርኩ በኋላም ሁለት ወር ያህል ጠበቅኩ። በዚያ ጊዜ ከኔ የባሰ ያጣ ብዙ ሰው ስለነበር ስለ ጣቴ ማውራት ነውር መስሎኝ ዝም ብያለሁ። እናቴ ግን ገብቷት ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ እጄን ትይዝልኝ ነበር። አሁን የአንድ ወር ትርፍ ክኒን ከቤት አይጠፋም። የማዘዣውም ፎቶ በኔም በባሌም ስልክ ውስጥ አለ።

ባለፈው ሳምንት እረፍት ሰዓት ላይ መምህራን ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት መምህርት ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ አየኋት። «ብርድ ሆኖብኝ ነው ቲቸር፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇን ተቀበልኳትና የጉልጥምቶቿን ረድፍ ከዳርና ከዳር ይዤ በቀስታ ጨመቅኩት። ፊቷ ተኮማተረ። ሌላኛውንም እጇን አየሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ሁለታችንም ክፍል የለንም። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አስይዤላታለሁ፤ አብሬያት እሄዳለሁ።