የወንጂ ጥርሴን ያነጣሁበት መንገድ

ወንጂ ያደገ ሰው ሲስቅ አገሩ ይታወቃል። አዲስ አበባ ለትምህርት የመጣሁ ሰሞን ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ «የናዝሬት አካባቢ ልጅ ነህ አይደል?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን እየዋለ እያደረ ስስቅ እጄ ወደ አፌ መሄድ ለመደ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ መሃላቸው ላይ አግድም ቡናማ መስመር ነበራቸው፣ ጫፋቸው ደግሞ ኖራ የተቀባ ይመስል ድፍን ነጭ። ጠዋት ማታ ብፍቀውም ንቅንቅ አይልም።

ሥራ ይዤ ትንሽ ገንዘብ ስቋጥር ወደ ጥርስ ሐኪም ሄድኩ። የሄድኩት «ብሊቺንግ ሥሩልኝ» ለማለት ነበር። ዶክተሯ ግን ስለ ማንጣት ከማውራታቸው በፊት ጥርሴን በአየር አደረቁት፣ መብራት አበሩበት፣ ከዚያ «እስከ ስንት ዓመትህ ወንጂ ኖርክ? ውሃ ከየት ነበር የምትጠጡት?» አሉኝ። መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው። ገና ከበር ስትገቡ የማንጫ ዋጋ የሚነግራችሁ ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።

ጥርስ ቀለሙን የሚቀይረው ወይ ከውጭ ነው ወይ ከውስጥ። ከውጭ የሚመጣው ቡና፣ ሻይ፣ ጫት፣ ሲጋራ ነው፤ ለልጆች የሚሰጠው የብረት ሽሮፕና ክሎርሄክሲዲን ያለበት የአፍ መጉመጥመጫም ያጠቁራሉ። ይሄ ላይ ላዩን የተለጠፈ ስለሆነ ሐኪም ሲያጥበው ይለቃል። የውስጡ ሌላ ነው። ሲመታ ሥሩ የሞተ ጥርስ ይጠቁራል። በልጅነት ቴትራሳይክሊን የወሰደ ሰው ጥርሱ ላይ ግራጫ ቀበቶ ይወጣል፤ ለነፍሰ ጡርና ስምንት ዓመት ላልሞላው ልጅ ይህ መድኃኒት የማይታዘዘው ስለዚህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ኢናሜል የሚባለው የላይኛው ጠንካራ ሽፋን ይሳሳና ከሥሩ ያለው ቢጫው ክፍል ብቅ ይላል።

የኔው ፍሎሮሲስ ነው፤ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ሲበዛ የሚመጣ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የሚወጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል ነው፤ ከዚያ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። ወንጂ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ ሁሉም ያውቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ወንጂ ውስጥ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች ተገኝተዋል። የሆላንዱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ያንን ሲጠጣ ኖሯል። ጥርስማ ቀላሉ ነው፤ አጥንታቸውን ይዟቸው ጀርባቸው አልታጠፍ ያላቸው የፋብሪካው ጡረተኞች አሉ።

ዶክተሯ ሲያስረዱኝ የገረመኝ ቡናማው ራሱ ፍሎራይድ አለመሆኑ ነው። ጥርሱ ድድ ሥር መንጋጋ ውስጥ ገና ሲሠራ ፍሎራይዱ ኢናሜሉን እንደ ሰፍነግ ባለ ቀዳዳ ያደርገዋል፤ ጥርሱ ሲበቅል ደብዛዛ ነጭ ሆኖ ይወጣና በኋላ የምንበላው የምንጠጣው እየሰረገበት ይጠቁራል። ከበቀለ በኋላ ውሃው አዲስ ፍሎሮሲስ አያመጣም። የጠቆረውንም ፍቆ ማስለቀቅ አይቻልም። እናቴ በከሰልና በሎሚ እንድፍቀው ትመክረኝ ነበር፤ ሎሚው አሲድ ነው፣ ከሰሉ ይፍቃል፣ ሁለቱም የሚጨርሱት መልሶ የማይበቅለውን ሽፋን ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው «ወዲያው የሚያነጣ» ዱቄትም አብዛኛው ከዚህ አይርቅም።

የጀመርነው በእጥበት ነው። የቡናውና የሻይው ሲነሳ የቀረው የውሃው ብቻ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ታየ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይበቃዋል፤ እኔ ግን መስመሬ እንዳለ ነው። ወዲያው ብሊቺንግ ብንሠራ ነጩ ጫፍ አብሮ ይነጣና ዥንጉርጉሩ ይብሳል ብለው ማይክሮአብሬዥን የሚባለውን አስቀደሙ።

ድዴን በጎማ ሸፈኑት፣ ዓይኔ ላይ መነጽር አደረጉልኝ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ደቃቅ መፋቂያ የተቀላቀለበት ሊጥ ጥርሱ ላይ አድርገው በዝግታ በምትዞር የጎማ ጫፍ ያሻሉ፣ ያጥባሉ፣ ያያሉ፣ ይደግማሉ። ማደንዘዣ አላስፈለገኝም። የሚነሳው ከሚሊሜትር ክፋይ ያነሰ ሽፋን ነው፤ ቡናማው ጠልቆ ከሆነ አይሠራም፣ ቤት ውስጥ መሞከር ደግሞ እብደት ነው። ሲጨርሱ ጥርሱን ለማጠንከር የቀቡኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፍሎራይድ! ሳቄ መጣ። መጠኑና ጊዜው ነው ለካ ነገሩ፤ በልክ ሲሆን ከመቦርቦር ይጠብቃል።

መስመሩ በጣም ደበዘዘ። ቀለሙን ለማመጣጠን ከዚያ ብሊቺንጉ ተከተለ። የጥርሴን ልክ ወስደው ስስ የፕላስቲክ ማቀፊያ ሠሩልኝ፤ ማታ ማታ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐሮክሳይድ ጄል ጠብ አድርጌበት እተኛለሁ። ክሊኒክ ውስጥ በአንድ ቁጭታ የሚሠራ ጠንከር ያለም አለ፣ ግን የበለጠ ያማል። የኔም ቢሆን አላስተኛ ያለባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስጎነጭ እስከ ጆሮዬ ይዘልቃል። ዶክተሯ አንድ ሌሊት እያሳለፍኩ እንዳደርገው ነገሩኝ፣ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት የጥርስ ሳሙናም አዘዙልኝ፤ ተወኝ። ጄሉ ሲበዛ ድድ ያቃጥላል፣ የተረፈውን ወዲያው በጨርቅ መጥረግ ነው። የተሞላ ወይም ክራውን (ጥርሱን ሙሉ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) የገባበት ጥርስ ያላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሰው ሠራሹ አይነጣም፣ ከጎረቤቱ ይለያል።

በዚያ ሰሞን ቡና መተው ከበደኝ ብል ማንም አይገረምም። ያልጠበቅኩት እርዱን ነው። አልጫ በላሁ ብዬ ማቀፊያዬ ቢጫ ሆነ!

ሌላ ክሊኒክ ግን የፊት ጥርሶቼን በሙሉ ሞርደን ክራውን እናልብስህ ብለውኝ ነበር። ጤነኛ ጥርስ ከተሞረደ አይመለስም፣ ክራውኑም፣ ፊት ለፊቱን ብቻ የሚሸፍነው ስስ ቬኒርም ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ ጊዜው ሲደርስ እንደገና ይከፈልበታል። ኢናሜሉ ተቦጫጭቆ ለወደቀበት ሰው አማራጩ ያው ሊሆን ይችላል፣ ለኔ ዓይነቱ ግን የመጨረሻው ነው። ዋጋ ስትጠይቁም የእጥበቱን፣ የማቀፊያውን፣ የጄሉንና የክትትሉን አንድ ላይ ጠይቁ፤ መጀመሪያ የሚነገራችሁ የአንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንዱ የውሻ ክራንቻዬ ላይ ጠልቆ የቀረ ቡናማ ነጥብ አለ። በኮምፖዚት፣ የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ፣ እንሸፍነው ቢሉኝ ተውት አልኩ።

መቂ ያለው ወንድሜ ፎቶዬን አይቶ «የልጄንም እንዲህ አሠራላት» ብሎ ደወለልኝ። ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ የሚታዩትም የወተት ጥርሶቿ ናቸው። የቋሚዎቹ ኢናሜል አሁን እየተሠራ ስለሆነ የምትጠጣውን ውሃ አስመርምር አልኩት። «አፍልተን ነው የምንሰጣት» አለኝ። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። አሁን ለእሷ ለብቻ የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ፣ በጋ ላይ በጀሪካን ይገዛሉ፤ የጥርስ ሳሙናዋንም ከአተር ፍሬ እንዳይበልጥ እናቷ ናት የምትቀባላት።