«ኖርማል» የሚል ውጤት ሲያታልል

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ጉዳይ ይህ ነው፦ የጂ-ሲክስ-ፒዲ (ቀይ የደም ሴልን ከጉዳት የሚጠብቅ ኢንዛይም) ምርመራ ውጤት «ኖርማል» ስላለ ብቻ የኢንዛይሙ ጉድለት የለም ማለት አይደለም።

ቀይ የደም ሴል ሲበስል መጀመሪያ ኒውክሊየሱን፣ ቀጥሎ ራይቦዞሙንና ማይቶኮንድሪያውን ያጣል። ከዚያ በኋላ አዲስ ኢንዛይም መሥራት አይችልም፤ በያዘው ስንቅ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ሄክሶካይኔዝ፣ ፓይሩቬት ካይኔዝና ጂ-ሲክስ-ፒዲ የተባሉት ኢንዛይሞች በሬቲኩሎሳይት (ገና በመብሰል ላይ ባለው ወጣት ቀይ የደም ሴል) ውስጥ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ሴሉ ሲያረጅ ይወርዳሉ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሄሞሊሲስ (የቀይ የደም ሴሎች መፍረስ) ሲነሳ ቀድመው የሚፈርሱት ኢንዛይማቸው የተሟጠጠ አሮጌዎቹ ሲሆኑ፣ መቅኒ ደግሞ ወጣቶቹን በብዛት ይለቃል። በዚያ ሳምንት የተቀዳ ደም የሚያሳየው የተረፉትንና አዲሶቹን ነው! ስለዚህ ሬቲኩሎሳይት አብራችሁ ቁጠሩ። ከፍ ካለ ውጤቱን አትመኑት። ሄክሶካይኔዝ ከፍ ብሎ ሳለ ጂ-ሲክስ-ፒዲ «ኖርማል» ላይ ከቆመማ ጥርጣሬው ይበረታል። ከ3 ወር ገደማ በኋላ መድገም ነው፤ በመሃል ደም ከተሰጠ ግን የምትለኩት የለጋሹንም ኢንዛይም ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ነጭ የደም ሴልን ነው። የራሱ ፓይሩቬት ካይኔዝ ስላለው፣ ከናሙናው በደንብ ካልተወገደ የቀዩን የፓይሩቬት ካይኔዝ ጉድለት ይሸፍናል።