ከመስከረም ወዲህ በቡና ሰዓት የጠየቅኋቸው ጥያቄዎች

የእኛ ሰላምታ ራሱ ጥያቄ ነው። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች እንዴት ናቸው?» እንባባላለን፤ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሰላምታችንን እወደዋለሁ። በእሱ ብቻ ከኖርን ግን አንድ ጣሪያ ሥር ሆነንም እንደማንተዋወቅ የገባኝ ዘንድሮ ነው። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ የሰማሁትን ማታ በደብተር እጽፋለሁ። አምስት ወር ሆነኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልሆኑልኝም። ጥያቄዎቼ በሙሉ «ለምን» የሚሉ ነበሩ፦ «ለምን አታጠኚም?»፣ «ለምን ታኮርፊያለሽ?» እንዲህ የተጠየቀ ሰው ምክንያት ይደረድራል እንጂ ልቡን አይናገርም። ወሬው የተፈታው «ለምን»ን ትቼ «መቼ»፣ «ምን»፣ «ከማን ጋር» ማለት ስጀምር ነው።

ኅዳር ላይ የ11 ዓመት ልጄን «እኔ ከሥራ ስገባ ቤቱ ምን ይሆናል?» አልኳት። ፈንዲሻ እየዘገነች ጥቂት አሰበችና «የቁልፍህን ድምፅ ስሰማ ቴሌቪዥኑን እቀንሳለሁ፤ እማዬም ድምጿን ትቀንሳለች» አለችኝ። ክስ አልነበረበትም፤ ክረምት ይዘንባል እንደማለት ነበር። «ደክሞኝ እኮ ነው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብያት ቢሆን ዳግመኛ እውነቱን አትነግረኝም። «እንኳን ነገርሽኝ» አልኳትና ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ከማስገባቴ በፊት ደረጃው ላይ ትንሽ እቆማለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ ቴሌቪዥኑ ሳይቀነስ የገባሁባቸውን ቀናት ግን ደብተሬ ላይ አከብባቸዋለሁ። በጥር ሰባት ናቸው።

በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርሻል ዱክ እና ሮቢን ፊቩሽ ለልጆች ያዘጋጇቸው 20 ጥያቄዎች አሉ፤ ወላጆችህ የት ተገናኙ፣ አያቶችህ የት አደጉ የመሳሰሉ። የቤተሰባቸውን ታሪክ በደንብ የሚያውቁ ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። መልሱን ማስጠናት ግን ዋጋ የለውም፤ ቁም ነገሩ ታሪኩ የሚነገርበት አብሮ መቀመጥ ነው። ልጄ ይህንኑ አያቷን ጠየቀቻት። እናቴ ሲኒ እያጠበች «የት ተገናኝተን! የሠርጋችን ዕለት አንገቴን ደፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው» አለች። በ43 ዓመቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ስለዚያ ጫማ ስታወራ ዋለች።

አሁን የያዝኩት ጅዳ ያለችውን እህቴን ነው። ስደውል «ደህና ነኝ» ብላ ስለ እኛ ትጠይቃለች፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ባለፈው ወር «እዚያ ቡና ከማን ጋር ትጠጫለሽ?» አልኳት። ብዙ ቆይታ «ብቻዬን» አለችኝ። አሁን አርብ አርብ፣ እሷ ከሥራ በምታርፍበት ሰዓት፣ እኛም እሷም ጀበናችንን እንጥዳለን፤ ስልኩ ረከቦቱ ላይ ተደግፎ ይቆማል።