40 ኪሎ ቡና ኬብል ውስጥ ሲጠፋ

ጅማ ያለ አንድ የቡና መጋዘን የምድር ሚዛኑን ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር እንዳገናኝለት ጠራኝ። ከሚዛን ቤቱ እስከ ቢሮው 70 ሜትር ይሆናል። የሚዛኑ ማሳያ አርኤስ 232 (መረጃን በሽቦ ቢት በቢት የሚልክ የቆየ የመገናኛ ስታንዳርድ) መውጫ ስላለው የኔትወርክ ኬብል ዘርግቼ በ9600 ባውድ፣ ማለትም በሴኮንድ 9600 ቢት ፍጥነት፣ አገናኘሁት። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ገባ፤ ሥራው አለቀ ብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን መዛኙ ጋሼ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እኔ ጋ 18460 ይላል፣ ቢሮ 18420 ብሎ መዝግቧል። 40 ኪሎው የት ገባ?» ከሁለት ፈረሱላ በላይ ነው፤ ቡናውን ላመጣው ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ቢመጣ ማንም ስህተቱን ያውቀው ነበር። ያስደነገጠኝ የተሳሳተው ቁጥር ትክክለኛ መምሰሉ ነው። ፊደልና ቁጥር ወደ 0 እና 1 በሚቀየርበት በአስኪ ኮድ 6 እና 2 የሚለያዩት በአንድ ቢት (በአንድ 0 ወይም 1) ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ቢት ሲገለበጥ የሚያሳውቀውን ማጣሪያ፣ ፓሪቲውን፣ ሳልከፍት ነበር የሄድኩት። መጀመሪያ እሱን በሁለቱም ጫፍ ከፈትኩ።

አርኤስ 232 ከ15 ሜትር አይለፍ ሲባል እንሰማለን። ዋናው ገደብ ግን የኬብሉ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ፤ ሲበዛ ሲግናሉን ያዘገየዋል) ነው፤ ስታንዳርዱ እስከ 2500 ፒኮፋራድ ይፈቅዳል። የእኔ ኬብል በሜትር 50 ገደማ ስላለው 3500 ደርሷል። ፍጥነቱን ወደ 2400 ሳወርደው ስህተቱ በጣም ቀነሰ፤ የቡና ማበጠሪያው ሞተር ሲነሳ ግን ይመለሳል። ሚዛን ቤቱና ቢሮው መብራት የሚያገኙት ከተለያየ መስመር ነው፤ በአርኤስ 232 ደግሞ የሁለቱ ግራውንድ (ቮልቴጅ የሚለካበት መነሻ) ልዩነት ሲግናሉ ላይ ይደመራል።

ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ የአርኤስ 485 መቀየሪያ አስገባሁ። እሱ በሁለት ሽቦ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሚያነብ እስከ 100 ኪሎቢት ባለው ፍጥነት 1200 ሜትር ድረስ ይሄዳል። እዚህም ተሳስቼ ነበር፦ በኔትወርክ ኬብሉ ውስጥ ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠማዝዘው ሳለ አንዱን ሽቦ ከብርቱካናማው ጥንድ፣ ሌላውን ከአረንጓዴው ወሰድኩ። ከሞተሩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጠፋው አብረው የተጠማዘዙት ሽቦዎች እኩል ስለሚቀበሉት ነው፤ ከተለያየ ጥንድ ከተወሰዱ ጥምዝማዜው ዋጋ የለውም። ሁለቱንም ከብርቱካናማው አድርጌ፣ ሲግናሉ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ በየጫፉ 120 ኦም ሬዚስተር አስሬ፣ ለግራውንድ ሌላ ሽቦ ጨመርኩ። ሞተሩ እየሠራ ከሰዓቱን ሙሉ ከጋሼ ጋር እያመሳከርን መዘንን፤ አንድም አልተዛነፈም።

ያዳነን ግን የጋሼ ደብተር ነው። ኮምፒውተሩ ከገባም በኋላ እያንዳንዱን መኪና በእጃቸው መጻፋቸውን አልተዉም። ቁጭ ብለን የሦስቱን ቀን መዝገብ መስመር በመስመር አስተያየን፤ አራት መኪኖች ላይ ክብደቱ ጎድሎ አገኘን፤ ሒሳቡም ለባለቤቶቹ ተስተካክሎ ተከፈለ።