ሄዶ መመለስ፦ ከሰበታ እስከ አርባ ምንጭ የአካል ጉዳት ግንዛቤ ጉዞ እንዴት እንደምናዘጋጅ

ስለ አካል ጉዳት ግንዛቤ ለመፍጠር አገር ማቋረጥ ሲታሰብ ብዙ ቡድን ካርታ ላይ ትልቅ ክብ ይሥላል። እኛ በአንድ መንገድ ሄደን በዚያው መንገድ እንመለሳለን። ሲሄዱ የለኩትን የሕዝብ ሕንፃ መግቢያ ሲመለሱ ምን ላይ እንደደረሰ መጠየቅ ይቻላል። ዳግም እንደማይመጣ የታወቀ እንግዳ ይጨበጨብለታል እንጂ ሥራ አይሠራለትም።

የመረጥነው መስመር ከሰበታ ተነሥቶ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ይደርሳል። ርዝመቱ ከአዲስ አበባ ሲቆጠር ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመ ትምህርት ቤት፣ አርባ ምንጭ ደግሞ ሰው ሠራሽ እግርና የአካል ድጋፍ የሚሠራበት የተሐድሶ ማዕከል አላቸው። እነዚህ ቦታዎች ባለሙያ፣ አስተርጓሚና ልምድ ያላቸው የአካባቢው አካል ጉዳተኞች ስለሚገኙባቸው ሁሉንም ነገር ከአዲስ አበባ መጫን አያስፈልግም። መንገዱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው፤ ለየከተማው ግን ሁለት ሙሉ ቀን እንመድባለን፤ አንዱ ለሕዝቡ፣ አንዱ ለሜትር፣ ማለት የሕንፃ መግቢያ ለመለካት።

ጊዜው ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 24 ባለው መካከል ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያው የነጭ በትር ቀን፣ የኋለኛው ዓለም አቀፍ የአካል ጉዳተኞች ቀን ስለሆነ ቢሮዎች በእቅዳቸው ውስጥ ቀድመው ይዘውታል። ክረምቱ አልፏል፣ ትምህርት ተጀምሯል። በሐምሌና በነሐሴ መሄድ ጭቃ ውስጥ ዊልቸር መግፋት ነው። በሌሊት አንነዳም። የመንገዱን ሰላም በየማለዳው ከሚቀጥለው ከተማ ስልክ ደውለን እናረጋግጣለን።

ደብዳቤው ከመኪናው ይቀድማል። የትብብር ደብዳቤ በመስመሩ ላይ ካለው ከየክልሉ ማኅበራዊ ጉዳይን ከሚይዘው ቢሮ ይወጣል፤ ዞኑ እሱን አይቶ ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር የራሱን ይጽፋል። የተሽከርካሪው ታርጋ፣ የተጓዦች ስም፣ የሚቆምበት ቦታ፣ የድምፅ ማጉያ መጠቀማችሁና ቀኑ በግልጽ ይስፈሩ፤ ግልባጩ ለፖሊስ ይድረስ። ማኅተሙ ያልደበዘዘ ሃያ ያህል ቅጂ ያዙ። ዓርብ ዕለት ከጠዋቱ 5፡30 እስከ 7፡30 ቢሮ ዝግ ስለሆነ ዓርብ ጠዋት ደርሶ በዚያው ቀን ፈቃድ መጠበቅ ከንቱ ነው። ድሮን ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል፤ ይቅርባችሁ።

መኪናው ሃይሩፍ ሚኒባስ ይሁን። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ 140 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚደርስ ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው አይሆንም። ለአንድ ዊልቸር 130 በ75 ሳንቲ ሜትር ወለል ያስፈልጋል፤ ወንበር የሚነቀለው በዚህ ልክ ነው። የኋላው ወለል ከመሬት ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ረዳት ለሚገፋው ዊልቸር የመጨረሻው ተዳፋት አንድ ለአራት ነው፤ ስለዚህ ራምፑ፣ ማለት ዊልቸሩ የሚወጣበት ተዳፋት መወጣጫ፣ 2.6 ሜትር መርዘም አለበት። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ እያንዳንዳቸው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ሐዲዶች አሠሩ፤ ከሥር 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ከላይ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ በግራና በቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ከንፈር። አንዱ ሐዲድ 25 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ሁለት ሰው አንሥቶ ፖርቶ መጋላ ላይ ያስረዋል። ወጥ ሰፊ ራምፕ ያሠራ ግን በየፌርማታው አራት ሰው ይለምናል። ላሜራው ላይ አሸዋ የተቀላቀለበት ቀለም ቀቡ፤ ያለዚያ ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት ያንሸራትታል።

ራምፑ የሚወድቀው ከጥንካሬ ማነስ ሳይሆን ከላይኛው ጫፍ ነው። እዚያ መኪናው ላይ የሚሰካ ፒን ከሌለ ዊልቸሩ ሲወጣ ሐዲዱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የእጅ ፍሬን ተይዞ ጎማ ሥር ታኮ ይግባ። ሲወጣ ፊት ለፊት፣ ሲወርድ ጀርባ ቀድሞ፤ ረዳቱ ሁልጊዜ ከታች በኩል ይቆማል። ሾፌሩ የመኪናውን ኋላ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ወዳለ የእግረኛ መንገድ ካስጠጋ ከፍታው ወደ 45 ይወርድና ሥራው ይቀላል። ጥሩ ሾፌር ይህን ሳይነገረው ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሾፌር ስንመርጥ መንዳቱን ብቻ ሳይሆን አቋቋሙንም እናያለን።

ወደ መኪናው ወንበር መዛወር የሚችል ሰው ቢዛወር ይሻላል፤ ዊልቸሩ ታጥፎ ይጫን። የማይችለው ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይቀመጥ፤ በጎን መቀመጥ በፍሬን ጊዜ አደጋ ነው። ዊልቸሩ በአራት ቦታ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ በጭነት ቀበቶ ይታሰራል። ቀበቶው የሚያዘው ዋናው የብረት አጽም ላይ ነው እንጂ እግር ማሳረፊያ፣ ክንድ ማሳረፊያ ወይም የጎማ ራጂ ላይ አይደለም። ወለሉ ላይ ያለው ቀለበት ከላሜራው ጋር ብቻ ከተበየደ በድንገተኛ ፍሬን ይነቀላል፤ በብሎን አልፎ ከሥር በወፍራም ብረት ተደግፎ በዳዶ ይጠበቅ። ሰውየው ደግሞ ከመኪናው ጋር የተያያዘ የራሱ ቀበቶ ይኑረው። ዊልቸሩ ላይ ያለው ቀበቶ ለመቀመጥ እንጂ ለግጭት አልተሠራም።

ጉዞ የሚያበላሸው ከሁሉም በላይ ሽንት ቤት ነው። ሽንት ቤት እንደማያገኝ ያወቀ ተጓዥ ከማለዳው ጀምሮ ውሃ መጠጣት ያቆማል፤ የአከርካሪ ጉዳት ላለበት ሰው ደግሞ ይህ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መንገድ ነው። ስለዚህ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ መሐሉ የተቀደደ የብረት ወንበር አሠርተን ከመኪናው ጋር እንይዛለን፤ በማንኛውም ጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ ይቆማል። የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን መቅደድ ርካሽ ነው፤ ግን ከተቀደደ በኋላ እግሮቹ ይከፈታሉ። ሆቴል ስትይዙ “ዊልቸር ያስገባል ወይ” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም “አዎ” ይላል። የመታጠቢያ ቤቱን በር ስፋት በሜትር ለክተው በስልክ ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ተራ ዊልቸር 65 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ብዙ የመታጠቢያ ቤት በር 60 ነው። ተቀማጩ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደቱን ያዛውር፤ በየሁለት ሰዓቱም ቆማችሁ ትራሱን አስተካክሉ፤ ስሜት የሌለው ቆዳ ላይ ጫና ሲበዛ የሚፈጠረው ቁስል ለመዳን ወራት ይወስዳል። ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት የማያልበው ሰው ፊቱና ክንዱ ላይ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ ይያዝ።

መለዋወጫ ቀላል ቢሆንም በየከተማው አይገኝም። የዊልቸር ጎማ ብዙውን ጊዜ 24 ኢንች ነው፤ ጎሚስታው ይለጥፍልሃል እንጂ ከመነዳሪው የለውም፤ ለአንድ ዊልቸር ሁለት ያዙ። የመንገድ ዳር የግራር እሾህ የመጀመሪያው ጠላት ነው። አየር የሌለው ድፍን ጎማ አይበሳም፤ ግን ኮብልስቶን ላይ ጀርባን ይፈታል። የፊት ጎማው 5 ኢንች ከሆነ በድንጋዮቹ መካከል እየገባ ተቀማጩን ወደፊት ይደፋዋል፤ 8 ኢንች ይሻላል። ለፊት ጎማው ትርፍ ኩሽኔታ፣ ባለ 6 እና ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከነዳዶው፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽ፣ ለነጭ በትር ትርፍ ጫፍ፣ ለክራንች ትርፍ ጎማ፤ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሕዝቡ። በአገራችን ሞንታርቦ የጫነ፣ ባነር የለጠፈ ሚኒባስ ከተማ ሲገባ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ለሕክምና ገንዘብ እየተለመነ ነው። ከውስጡ ዊልቸር ሲወርድ ግምቱ ይጸናል፤ ማንም ሳይናገር ብር መወርወር ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ስለ መብት የሚነገር ሁሉ የምስጋና ንግግር ይመስላል። መከላከያው ጥቃቅን ነው፤ ግን አንዱም አይቅር። ባነር ላይ የሰው ፎቶ አይኑር። ሣጥን፣ ጨርቅ፣ የባንክ ቁጥር አይታይ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ላይ አትቁሙ። በድምፅ ማጉያው የሚወጣው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር “ገንዘብ አንሰበስብም” ይሁን። የተሰጠውን ብር የተሰጠው ሰው ራሱ፣ በአክብሮት፣ “እግዜር ይስጥልኝ፣ ለዚህ አልመጣንም” ብሎ ይመልስ፤ ረዳቱ አይመልስለት። በመኪናው ጎን ላይ ደግሞ ጥያቄ ጻፉ፤ “የከተማችሁ ባንክ ስንት ደረጃ አለው?” የሚለው ከማንኛውም መፈክር ይበልጥ ሰው ያነጋግራል፤ ሰው ሄዶ ይቆጥራል።

ሌላው ቋንቋ ነው። ይህ መንገድ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ፣ ሀዲይኛ፣ ወላይትኛና ጋሞኛ የሚነገርባቸውን አካባቢዎች ያልፋል። አማርኛ ብቻ ይዞ መድረክ ላይ መውጣት ገበያ የመጡትን እናቶች ማስቀረት ነው። በየከተማው መድረኩን የሚመራው የአካባቢው አካል ጉዳተኞች ማኅበር አባል ይሁን፤ እኛ ሁለተኛ ተናጋሪ ነን። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሁለት ያስፈልጋል፤ ከሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ በኋላ የደከመ እጅ ግማሹን ይተዋል። አስተርጓሚው ፀሐይ ከጀርባው ሆና ከቆመ ፊቱ ይጨልማልና ቦታውን ጠዋት ሄዳችሁ እዩ። ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ በቤተሰብ ምልክት ብቻ የሚግባቡ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሲመጡ አስተርጓሚው ይቸገራል፤ መስማት የተሳነው የቡድኑ አባል ግን ቶሎ ይግባባቸዋል።

ዓይን አሸፍኖ ማራመድ ወይም ጤነኛውን ዊልቸር ላይ ማስቀመጥ የሚባለውን ጨዋታ አንጠቀምም። ዓይኑን የተሸፈነ ሰው በአሥር ደቂቃ የሚያውቀው ፍርሃትን ነው፤ ዓይነ ስውር ሆኖ መኖርን አይደለም፤ ከዚያ የሚወጣውም ሐዘኔታ ነው። በምትኩ የጣት ፊደል እናስተምራለን። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ እያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባት ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሀ ሁን የቆጠረ ልጅ ሥርዓቱን ወዲያው ይይዘዋል፤ ስሙን ጽፎ ለጓደኛው ያሳያል። አስተማሪው መስማት የተሳነው ሰው ስለሆነ ማን አዋቂ ማን ተማሪ እንደሆነ ንግግር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ቀን የሜትር ነው። አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት፤ ከሦስት አይበልጥ። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የተመቸ መዳረሻ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን የሕንፃ አዋጅ አትመን እንይዛለን፤ ግን መጀመሪያ አናወጣውም። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ነው፤ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። በሱ የመግቢያውን ከፍታ ለክታችሁ በ12 አባዙት፤ የራምፑ ርዝመት ያ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 3.6 ሜትር ይፈልጋል። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ቢሆን ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ አካባቢ ይበቃዋል። በር ተከፍቶ ነጻው ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር መሆኑን፣ ደፉ ከ2 ሳንቲ ሜትር አለመብለጡን፣ መግቢያው ላይ ያልተከደነ ቦይ አለመኖሩን እዩ። የተለካው በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ የግንበኛ ግምት ተያይዞ፣ ኃላፊውም የሚስተካከልበትን ቀን ጽፎ ይፈርምበታል። “እናስተካክላለን” የሚል ቃል ያለ ቀን አይወሰድም።

በዚሁ ቀን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ልጅ ከቤት ወጥቶ ሰው ያየው ያን ቀን ነው። ዊልቸር ወይም ሕክምና ቃል አትግቡ። ከመነሣታችሁ በፊት በመስመሩ ላይ የትኛው ሆስፒታል የዞረ እግር በጀሶ እንደሚያስተካክል፣ የተሐድሶ ማዕከሉ በየትኛው ቀን አዲስ ሰው እንደሚቀበል፣ ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ አጣርታችሁ በአንድ ወረቀት አባዙ። ተመልሳችሁ የማትደውሉለትን ሰው ስም አትመዝግቡ። የፎቶ ፈቃድ ከወላጅ ብቻ ሳይሆን መልስ መስጠት ከሚችል ልጅም ይጠየቅ።

በመልሱ መንገድ ድምፅ ማጉያ አይወጣም። ያው ሜትር፣ ያው ወረቀት፣ ያው ፊርማ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከሦስት አንዱን ነው፤ ያልተጀመረ፣ የተጀመረ፣ ወይም ተሠርቶ የማያገለግል። ሦስተኛው ይበዛል፤ ቦታ ለመቆጠብ 3.6 ሜትሩ 1.5 ሜትር ይሆንና ልጆች የሚንሸራተቱበት ይሆናል። እዚያ ላይ አትከራከሩ። የቡድኑ ዊልቸር ተጠቃሚ ኃላፊው ባለበት ብቻውን ለመውጣት ይሞክር፤ ረዳቱ ከኋላ ይጠብቅ፤ ግንበኛውም ቆሞ ይይ። ቦታ ከሌለ ራምፑ መሐል ላይ 1.5 ሜትር ማረፊያ ኖሮት ወደ ጎን እንዲታጠፍ እዚያው ወለሉ ላይ በኖራ እንሥልለታለን። አዲሱ ቀን በአሮጌው ወረቀት ጀርባ ይጻፋል፤ አንዱ ቅጂ ለአካባቢው ማኅበር ይሰጣል፤ ከእኛ በኋላ የሚጠይቀው እሱ ነው።